ከማሌና ታሪክ የሚዘለለው፣ ለእኛ ግን የሚጠቅመው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የክሮኤሺያዋ ብሮድስኪ ቫሮሽ መንደር ማሌና የተባለችውን ነጭ ሽመላ ዛሬም በፍቅር ታነሳታለች። እ.ኤ.አ. በ1993 አዳኞች ክንፏን በጥይት ስለመቷት መብረር አልቻለችም። በኋላ የተጣመራት ክሌፔታን ግን ብቻውን ደቡብ አፍሪካ ድረስ እየሄደ በየዓመቱ ይመለስላት ነበር። ማሌና በ2021 ሞታለች።

ታሪኩ ሲወራ ፍቅሩ ይነገራል፣ ልፋቱ ይዘለላል። አንድ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ይህችን ወፍ ከወደቀችበት አንስተው እስከ መጨረሻዋ አኖሯት። ምድሩ በበረዶ ሲሸፈን እንቁራሪትም ፌንጣም ስለማይገኝ በብርዱ ወራት ቤት ያስገቧት፣ ዓሣ እያጠመዱ ይመግቧት፣ ብርዱ ሲያልፍ ጣሪያ ላይ ወዳለው ጎጆዋ ይመልሷት ነበር። መንደሩ የሚያስታውሰው ይህንንም ጭምር ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ነጭ ሽመላ ክንፉን እያራገበ ብዙ አይሄድም፤ ከመሬት በሚነሳ ሞቃት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር ስለማያገኝ ከምሥራቅ አውሮፓ የሚነሳው መንጋ በቱርክ ባለው በቦስፎረስ ጠባብ የባሕር መተላለፊያ፣ በግብፅ ሲናና በግብፅና በሱዳን የዓባይ ሸለቆ ዞሮ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይዘልቃል። በበጋ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዙሪያና በታጨደ ማሳ ላይ ፌንጣና ተምች ሲለቅም የምናየው ይኸው ወፍ ነው። ከአባ ኮዳ ጋር እንዳይምታታ፤ አባ ኮዳ መላጣ ነው፤ ሽመላ ግን አንገቱም ሰውነቱም ነጭ፣ የክንፉ ጫፍና የኋላ ጠርዝ ጥቁር፣ መንቆሩ ቀይ ነው። እግሩም ቀይ ነው፤ ነገር ግን ሙቀት ሲበዛበት ለመቀዝቀዝ ኩሱን እግሩ ላይ ስለሚለቅ እኛ አገር ብዙ ጊዜ ነጭ መስሎ ይታያል።

የወደቀ ሽመላ ሲገኝ ጉዳቱን የሚያባብሰው ብዙውን ጊዜ የሚረዳው ሰው ችኮላ ነው። ከፊት ለፊት መቅረብ አደጋ አለው፤ ረጅሙን መንቆሩን ወደ ዓይን ይሰነዝራል። ከኋላ ቀርቦ ራሱን በነጠላ ወይም በፎጣ መሸፈን ነው፤ ካላየ ይረጋጋል። ክንፎቹን አጣጥፎ ወደ ሰውነቱ መያዝ፣ ደረቱን ግን አለመጭመቅ፤ ወፍ የሚተነፍሰው ደረቱን እያንቀሳቀሰ ስለሆነ አጥብቆ የያዘው ሰው ሊያፍነው ይችላል። መንቆሩን ማሰርም አይገባም፤ ሲደነግጥ የበላውን ስለሚያስመልስ ይታነቃል። ከዚያ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ባለው ትልቅ ካርቶን ውስጥ፣ ጨለማና ጸጥታ ባለበት ቦታ ማቆየትና ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ። የተሰበረ ክንፍ ትንሽ እንኳ ተጣሞ ከጠገገ ያን ሁሉ መንገድ መንሳፈፍ አይቻልም፤ ስለዚህ ሰዓቱ ወሳኝ ነው።

በጉሮሮው ውሃ ማንቆርቆር ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው። የአየር ቧንቧው የሚከፈተው ከምላሱ ሥር በመሆኑ ውሃው በቀጥታ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ውሃ በሰፊ ዕቃ አጠገቡ ማስቀመጥ ይበቃል። ዳቦ፣ ወተትና እንጀራ ምግቡ አይደሉም፤ ከተረጋጋ በኋላ ትንንሽ ዓሣ ወይም ጨው የሌለው ጥሬ ሥጋ ይሰጠዋል።

የኤሌክትሪክ ምሰሶ ሌላው ገዳይ ነው። የሽመላ ክንፍ ሲዘረጋ ወደ ሁለት ሜትር ይደርሳል፤ ሁለት ሽቦ፣ ወይም ሽቦና የምሰሶውን ብረት አንድ ላይ ከነካ ወዲያው ይሞታል። ሽመላ በሚያድርባቸው ቦታዎች ከምሰሶው አጠገብ ያለውን ሽቦ ብቻ በመከለያ መሸፈን ብዙ ያድናል። ሽቦ ላይ የተንጠለጠለን ወፍ ግን ኃይሉ ሳይቋረጥ ማንም አይንካ።

እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ለመለያ ያሰሩት ቀለበት ካለ የተጻፈውን ፊደልና ቁጥር፣ የቀለበቱን ቀለም፣ በየትኛው እግር እንደታሰረና ከመገጣጠሚያው በላይ ይሁን በታች መዝግቦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ከቦታውና ከቀኑ ጋር ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይገባል። በሕይወት ካለ ወፍ ቀለበት አይወልቅም። የሞተውም ቢሆን በባዶ እጅ አይነካም፤ የወፍ ጉንፋን ሊኖርበት ይችላል።