ገላ ሳይለምድ የመጣ ሙቀት

ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦስተን

ይድረስ ለውድ እናቴና ለውድ አባቴ፤ ሮብ ገበያ።

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ጠዋት ስልኩ መሀል ላይ ተቋርጦ ነገሩን ሳልጨርስላችሁ ቀረሁ። እምዬ፣ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼ ሥራ ላይ ስብሰለሰል ዋልኩ። ስለዚህ እንደገባሁ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። ማርቆስ ላለችው ለአክስቴ ልጅ በቴሌግራም እልክላታለሁ። ቅዳሜ ስትመጣ ቀስ ብላ ታንብብላችሁ። ወንድሜ ይበልጣልም አጠገባችሁ ሆኖ ይስማ። ብዙውን የጻፍኩት ለእሱ ነው።

መጀመሪያ ያስደነገጠሽን ላስረዳሽ። «መቶ ሁለት ዲግሪ ሞቀ» ያሉሽ እውነት ነው። ግን እዚህ አገር ሙቀት የሚለካው በፋራናይት ነው። በእኛ ሲመነዘር 39 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ውኃ የሚፈላበት መቶ አይደለም፤ አይዞሽ። ቢሆንም ቀላል አልነበረም። ትናንት ማክሰኞ የተመዘገበው ሙቀት በዚህ ከተማ በጁን ወር ታይቶ አያውቅም። ማርቆስ በመጋቢት ፀሐይ እንኳ ከ25 ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ጮቄ ሥር ጋቢ ተከናንባ ላደገች ሰው 39 ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የምኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጣራው ሥር ነው። ሌሊቱም አልበረደም። ነጠላዬን ውኃ ነክሬ፣ እሱን ለብሼ ነው የተኛሁት።

አባቴ፣ እርስዎ ደግሞ «ሰማዩ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ስልኩ የተቋረጠው ያኔ ነው። እምዬ እንጀራ ስትጋግር አክንባሎውን ትደፋበት የለ? እንፋሎቱ መውጫ ያጣል፤ ሙቀቱም እዚያው ይታመቃል። እዚህም እንደዚያ ነው የሆነው። ብዙ ክፍለ ሀገር የሚሸፍን ከባድ አየር ከላይ ተደፋብን። ያ አየር ወደ ታች ሲወርድ ይታመቃል፤ ሲታመቅ ይሞቃል። ደመናም እንዲሠራ አይፈቅድም። ደመና ከሌለ ፀሐይዋ መሬቱን ያለ ፋታ ትጠብሰዋለች። በዚህ ሰሞን ደግሞ ቀኑ ረጅም ነው። ፀሐይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥታ የምትጠልቀው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው።

ከሙቀቱ የባሰው ግን ወበቁ ነው። ላብ ገላን የሚያበርደው ሲደርቅ ነው። አየሩ እርጥበት ከጠገበ ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም። ለዚህ ነው ትንበያ የሚናገሩት ሰዎች ሁለት ቁጥር የሚሰጡት። አንዱ መለኪያው የሚያሳየው ነው፤ ሌላው ሰው ገላው ላይ የሚሰማው። በእነሱ 96 ሆኖ የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ ከሆነ፣ ገላ የሚሰማው 108 ነው። በእኛ 36ቱ 42 ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ በድንገት የመጣ አይደለም። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሲነገር ነበር። እዚህ ከ6 እስከ 10 ቀን ወደፊት የሚያሳይ ካርታ ይወጣል። ካርታው «ይህን ያህል ዲግሪ ይሆናል» አይልም። «ከተለመደው በላይ የመሞቅ ዕድሉ ይህን ያህል ነው» ነው የሚለው። አባቴ፣ እርስዎ በሬዲዮ «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» ሲሉ የሚሰሙት የክረምት ትንበያ ዓይነት ነው። ቀኑ ሲቃረብ ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይወጣል። ከተማውም ማቀዝቀዣ ያላቸውን አዳራሾች ቤቱ ለሞቀበት ሰው ሁሉ ይከፍታል።

በሐምሌና በነሐሴም እኮ እዚህ ይሞቃል። ታዲያ የሰኔው ለምን ይህን ያህል ያስፈራል? ለሥራዬ ስሠለጥን ነው የተማርኩት። ገላ ሙቀት ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሲለምድ ላብ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፤ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፤ ልብም እንደ መጀመሪያው ቀን አትደልቅም። የዓመቱ የመጀመሪያ ሙቀት ግን ያልተዘጋጀ ገላ ላይ ነው የሚያርፈው። በፈረንጆቹ 2021 በዚሁ በጁን መጨረሻ እንዲህ ዓይነት ሙቀት አበሻ የሚበዛበትን ሲያትልን መትቶ 42 ዲግሪ አድርሶት ነበር። ካናዳ ውስጥ ሊተን የምትባል ትንሽ ከተማ 49.6 ደረሰች፤ በማግሥቱ እሳት በላት። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ክፍለ ሀገር ብቻ 619 ሰው በሙቀቱ ሞተ። ከሞቱት አብዛኞቹ ፀሐይ ላይ አልነበሩም። ቤታቸው ውስጥ ነው የሞቱት። ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ነበሩ።

ይህን ስለማውቅ ነው ሰኞ ጠዋት ከሰዓቴ ቀድሜ ወደ ሥራ የሮጥኩት። የምንከባከባቸው ሴት 84 ዓመታቸው ነው። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ስገባ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ሹራብ ለብሰው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ እንደ ማድ ቤት ይፋጃል። «ሞቀዎት?» ስላቸው «ኧረ አልሞቀኝም» አሉ። ያረጀ ገላ ሙቀቱንም ጥማቱንም ቶሎ አይነግርም። የሚወስዱት ኪኒን ደግሞ ሽንት የሚያበዛ ነው፤ ውኃቸውን ይጨርሰዋል። ነገሩ የገባኝ ግን በሟች እህታቸው ስም ሲጠሩኝ ነው። ሙቀት ውስጥ ያለ ሰው መቀባዠር ከጀመረ ጊዜ የለም። 911 ደወልኩ። አምቡላንሱ እስኪደርስ ሹራቡን አወለቅሁላቸው። ፎጣ በቀዝቃዛ ውኃ እየነከርኩ አንገታቸውንና ብብታቸውን ያዝኩላቸው፤ እያራገብኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዛሬ ሆስፒታል ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሾርባ ጠጥተዋል፤ በስሜም ጠሩኝ። እምዬ፣ ስሜን ሲጠሩ አለቀስኩ። አንቺን መስለውኝ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሌላ ሰው ሳትሰሚ ልንገርሽ። የሰኔን ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳልቀምስ ነበር የምይዘው። ሰኞ ከዚያ ቤት ስወጣ ራሴን አዞረኝ። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። «ውኃውን ጠጪ፣ ምግቡን ጹሚ» አሉኝ። እንዳይከፋሽ።

ይበልጣል፣ አሁን ላንተ ነው። ለአረም መተማ እወርዳለሁ ማለትህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልቤ ባትሄድ ይወዳል። የማዳበሪያው ብር የጎደለ እንደሆነ እኔ እሞላለሁ፤ ንገረኝ። መሄድህ ካልቀረ ግን ስማኝ። አንተ የጮቄ ልጅ ነህ። ገላህ የሚያውቀው ውርጭና ጉም ነው። እኔ ላይ ሰኔ ውስጥ የመጣው ሙቀት፣ አንተ ላይ ከመኪና የወረድክ ዕለት ነው የሚመጣው። ሠራተኛን በብዛት የሚጥለው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀት ነው። እዚህ ለአዲስ ሠራተኛ የሚመከረው በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አምስተኛ እጅ ብቻ እንዲሠራ ነው። በየቀኑ በዚያው ልክ እየጨመረ በአምስተኛው ቀን ሙሉ ይገባል። በውል ከያዝክ ለዚህ ጊዜ የሚሰጥህ የለም፤ አውቃለሁ። እና የመጀመሪያውን ሳምንት ውል አትያዝ። ገንዘቡ ቢያንስም በቀን ሥራ አሳልፈው።

«ዝናብ ጀምሯል፣ ይቀዘቅዛል» ብለህ አትዘናጋ። ዝናቡ ፀሐይዋን ቢቀንሳትም ወበቁን ያመጣል። ዋልካው ላይ ጎንበስ ብሎ ለሚያርም ሰው ወበቅ ከፀሐይ አያንስም። በጠዋት ጀምር፤ ቀትር ላይ ጥላ ያዝ። ሳይጠማህ ጠጣ፤ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ያህል። ጠላም አረቄም ውኃን አይተኩም፤ እንዲያውም ያደርቃሉ። ጡንቻህ ቢሸማቀቅ ወይም ራስህን ቢያዞርህ ያኔውኑ ተቀመጥ። ጓደኛህ ሲቀባዥር ካየህ «ወባ ነው፣ ያልፍለታል» ብለህ አትተወው። ወባም ይሁን ሙቀት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። እስክታደርሰው ልብሱን አውልቀህ ውኃ አፍስስበት። ብቻህን አትውረድ። አጎበር ያዝ፤ ግራር ሥር ያለ አጎበር አትተኛ፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታመጣዋ ዝንብ እዚያ ናት። የአጎበሩንና የጀሪካኑን ብር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ለአክስቴ ልጅ እልካለሁ።

አባቴ፣ ለሰኔ ሚካኤል ዘነበላችሁ ወይ? ድንቹስ እንዴት ነው? የእንግዶ እንጀራ አማረኝ። ጉሙ ራሱ ናፈቀኝ።

ለዚህኛው ሙቀት አታስቡ። ከነገ ጀምሮ ነፋሱ ከባሕር በኩል ይዞራል፤ ዓርብ ሹራብ ሊያስፈልግ ይችላል ይላል ትንበያው። አክንባሎው ተነሣ ማለት ነው።

ይበልጣል የሚወርድበትን ቀን ወስኖ ቅዳሜ ደውሉልኝ። ስልኩ እንደ ዛሬው ከተቋረጠ ቀኑን ብቻ ጽፋችሁ ላኩልኝ። የዚያን ሳምንት የመተማን ትንበያ አይቼ እነግረዋለሁ።

ልጃችሁ
እናንየ