በሦስት ካላንደር የሚተዳደር ቤት

ኅዳር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.
ፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ

ይድረስ ለተወደድከው ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ባለህበት ይድረስህ። አንተ፣ ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ በተለይም አባታችን መሪጌታ እንደምን ሰነበታችሁልኝ? እኛ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ለበዓል ለበዓል በቴሌግራም የምንላላከው ሻማና አደይ አበባ ያለበት ምስል እንደ ደብዳቤ ከተቆጠረ አልተቋረጥንም ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንተም እኔም በዚያ የምንጽናና ሰዎች አይደለንምና ዝምታችንን ዝምታ ብንለው ይሻላል። ለእናትህ ሙት ዓመት የደወልኩልህ ዕለት፣ «ሥራህ ሌትም ቀንም የማይተኛ ከሆነ ቤትህንና ቤተ ክርስቲያንህን መቼ ነው የምታያቸው?» ብለህ ጠይቀኸኝ መልሴን ሳትሰማ መስመሩ ተቆረጠ። መልሱ በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው ዛሬ ብዕር ማንሣቴ።

ይህን የምጽፍልህ የአሜሪካኖቹ የምስጋና ቀን ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ውሎ፣ መሥሪያ ቤታችን እስከ እሑድ በመዘጋቱ ባገኘሁት ፋታ ነው። እነርሱ ይህን በዓል የሚያከብሩት በእኛ አቆጣጠር በኅዳር አጋማሽ ሲሆን ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ስለሚገባ፣ አገሩ በሙሉ ተርኪ በሚጠብስበት ቀን እኛ አብዛኛውን ጊዜ ጾም ላይ ነን። ዘንድሮም ጾሙ ሰኞ ገባ፤ እነርሱ ሐሙስ ጠበሱ። ባለቤቴ የሱፍ ፍትፍትና የምስር ሳምቡሳ አዘጋጅታ ጎረቤቶቻችንን ጠራች፤ ባልና ሚስቱ ለምደውናልና ሳምቡሳውን በልተው፣ ተርኪውን ቤታቸው ሄደው ቀጠሉ። ቤታችን በሦስት ካላንደር እንደሚተዳደር የገባቸው ከዘመዶቼ ይልቅ እነርሱ ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ የአገሩ ካላንደር ነው፤ ሁለተኛው የቤተ ክርስቲያናችን፤ ሦስተኛውና ክፉው የሥራዬ የተረኝነት ሰሌዳ ነው።

ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ልንገርህ። ከእኔ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በላውደን ካውንቲ፣ አሽበርን የሚባል ከተማ አለ። በዓለም ላይ ይህን ያህል የዳታ ሴንተር፣ ማለትም የኢንተርኔቱ ኮምፒውተሮች የሚቀመጡበት ሕንፃ ተጠጋግቶ የቆመበት ሌላ ስፍራ የለም ይባላል። መስኮት የሌላቸው ግዙፍ ሣጥኖች ናቸው፤ ከውጭ የማቀዝቀዣቸው ጉምጉምታ ይሰማል፤ መብራት ቢጠፋ የሚነሡ ጄኔሬተሮች ከጎናቸው ተደርድረዋል። እኔ የምጠብቃቸው የመረጃ ቋቶች ከነዚህ በአንዱ ውስጥ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ሕንፃውን የማየው በመንገድ ሳልፍ ብቻ ነው፤ ሥራው በሙሉ ከላፕቶፕ ላይ ነው። ተራ የደረሰው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ስልኩን ከአጠገቡ አያርቅም። ስልኩ በጮኸ በደቂቃዎች ውስጥ ላፕቶፑን ከፍቶ መገኘት አለበት፤ ሰርግ ላይ ይሁን ልቅሶ ቤት፣ ማንም አይጠይቀውም።

ይህን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያስታረቅሁት ተራዬን ከአሜሪካውያን ባልደረቦቼ ጋር በመለዋወጥ ነው። የእነርሱ ገና ለእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ያን ሳምንት እኔ እወስድላቸዋለሁ፤ በምትኩ የእኛን ገና፣ ጥምቀትንና ትንሣኤን እነርሱ ይይዙልኛል። ባልደረቦቼ ይህን ውል ይወዱታል፤ እውነቱን ለመናገር ከዓመት ዓመት ከአለቆቻችን መመሪያ ይልቅ ሥራችንን ያቃናው ይህ ውል ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ከዳኝ። አምና፣ በ2017 ዓ.ም.፣ የእኛም የእነርሱም ትንሣኤ በአንድ ቀን ዋለ፤ ሚያዝያ 12። የሚለዋወጠኝ ሰው ጠፋና ላፕቶፔን በነጠላዬ ሥር ይዤ ለሌሊቱ ቅዳሴ ሄድኩ።

የፈራሁት አልቀረም። ካህኑ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ብለው ሕዝቡ ሲቀበል፣ ጧፍ ለጧፍ ስንለኳኮስ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ላፕቶፑን በጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፤ የአንዱ ማሽን ዲስክ ሞልቶ የመረጃ ቋቱ መጻፍ አቁሞ ነበር። የቆዩ መዝገቦችን እያጠፋሁ ቦታ ሳስለቅቅ እልልታው በድምፅ ማጉያው እስከ መኪና ማቆሚያው ይሰማኛል። በዚህ መካከል አንዲት እናት መስኮቴን አንኳኩ። በነጭ ልብስ፣ ፊቱ በስክሪን ብርሃን የገረጣ ሰው አጎንብሶ ሲያዩ ጊዜ የታመምኩ መስሏቸዋል። «ልጄ፣ አመመህ እንዴ?» አሉኝ። ሥራ ነው ብላቸው፣ «በትንሣኤ ሌሊት?» ብለው አዘኑልኝና ጧፋቸውን በእጃቸው ከልለው ሥራዬን እስክጨርስ ከመኪናው አጠገብ ቆሙ። አብረን ተመለስን። አለቃዬ በማግሥቱ በጽሑፍ አመሰገነኝ፤ እኔ ግን ያቺን ሌሊት ባስታወስኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ እርሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ በዓላቱ መቼ እንደሚውሉ አስቀድሜ ማወቅ የኑሮ ጉዳይ ሆነብኝ፤ የመሪጌታን ስም በየማዕዱ የማነሣበት ምክንያትም ይኸው ነው። ያኔ ተማሪዎች ሳለን እናንተ ቤት ለበዓል ስመጣ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብን፣ ያን በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ስሌት፣ በጣቶቻቸው አንጓ ሲቆጥሩ እኔ እበላ ነበር እንጂ እምብዛም አልሰማ ነበር። አሁን ተራው የእኔ ሆነና ለልጄ አስተማርኳት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ ታነባለች፤ ሒሳብ ግን ከአማርኛውም ከእንግሊዝኛውም ይቀናታል። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ የምሳ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግተን የዘንድሮን አወጣን፤ እንደምታውቀው ወንበር፣ አበቅቴ፣ መጥቅዕ፣ ተውሳክና መባጃ ሐመር በስሌቱ መንገድ ላይ የሚገኙ ቁጥሮች ናቸው። 5500ን ከ2018 ጋር ደምራ 7518 አለች። ለ19 አካፍላ 13 ተረፋት፤ አንድ ብትቀንስ ወንበሩ 12 ሆነ። 12ን በ11 አባዝታ በ30 ስትገድፈው፣ ማለትም ለ30 አካፍላ ቀሪውን ስትይዝ፣ አበቅቴው 12፣ በ19 አባዝታ በ30 ስትገድፈው መጥቅዑ 18 ወጣ። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም ስለሚውል መስከረም 18ን አየች፤ እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 መባጃ ሐመሩን 25 ያደርገዋል፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ላይ አረፈ። ስልኬን ከፍታ አመሳከረች፤ ልክ ነው። ፊቷን ብታየው! ስልኩ እርሷን የኮረጀ ነው የመሰላት።

ለእኔ ደግሞ ሌላ ደስታ ነበረው፤ የእነርሱ ፋሲካ ዘንድሮ በአንድ ሳምንት ይቀድማልና ከወዲሁ ተራዬን ተለዋወጥኩ። ጥምቀትም ዘንድሮ ሰኞ ውሎ ከማርቲን ሉተር ኪንግ በዓል ጋር ገጥሟል፤ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ልጆቹን ለማስቀረት ማስፈቀጃ ደብዳቤ አልጽፍም። ሌላ ጊዜ ብዙውን በዓል ወደ ቅዳሜና እሑድ እየገፋን ነው የምናከብረው፤ ጽዮን ግን ዘንድሮ በራሷ ቀን እሑድ ውላለች። ነገ ነው፤ ባለቤቴ የሆስፒታል አዳሯን ጨርሳ በቀጥታ ከዚያው ትመጣለች።

የክርስትና ልጅህ አሥራ ስድስት ሞላው። እንደ እህቱ አይደለም። በቅዳሴ ሰዓት መቆሙ ሰልችቶት ከእናቱ ጋር በየእሑዱ ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ ቅዳሴውን በኢንተርኔት የሚያስተላልፉት ወጣቶች ካሜራ የሚይዝ ሰው ሲያጡ እርሱን ጠሩት። አሁን ከሁላችን ቀድሞ የሚነሣው እርሱ ነው። ዲያቆኑ መጾሩን ይዞ ሲወጣ ካሜራውን የት ማዞር እንዳለበት ለማወቅ ሲል የቅዳሴውን ሥርዓት ቅደም ተከተል ከእኔ በተሻለ ይዞታል። መጸለዩን አላውቅም። ለንስሐ አባታችን ብነግራቸው፣ «መጥቷል አይደል? ተወው» አሉኝ፤ እኔም ተውኩት። ስትደውል እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ክርስትና አባት አነጋግረው፤ አማርኛው ቢኮላተፍም ይሰማል።

በነገራችን ላይ በስደት አገር «ኮምፒውተር ያውቃል» መባል ምን እንደሆነ አታውቅም። ማይክሮፎን ሲያፏጭ፣ ማተሚያው ሲነክስ፣ የአንዲት እናት ስልክ ሲቆለፍ የሚጠራው ያው ሰው ነው። ያስደሰተኝ አንድ ሥራ ቢኖር የድሮዎቹን የመዝሙር ጽሑፎች ማዳኑ ነው። ዩኒኮድ በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝን ፊደል ከማካተቱ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተተየቡ ስለነበሩ፣ ሲከፈቱ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደነበረ ሠንጠረዥ ሠርቼ መለስኳቸው፤ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሁን ከግድግዳው ላይ እያነበቡ ይዘምራሉ።

የማኅበሩና የእድሩ ነገር ግን ኮምፒውተር የማያቃናው ነው። እድራችን በዚህ አገር ዋና ሥራው፣ ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ማስተዛዘንና አስከሬን ወደ አገር ቤት ማሳፈር ነው። ወጣቶቹ ወርሃዊ መዋጮው በዜል፣ ማለትም በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ፣ ይላክ ብለው ሐሳብ አቀረቡ፤ ጉባኤው ተቀበለ፤ ሒሳቡን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሁሉ ነገር ቀለለልኝ። ውዝፍ የሚባል ነገር ጠፋ። ነገር ግን ገንዘቡ ሲመጣ ሰዉ ቀረ፤ በወሩ መጨረሻ እሑድ አዳራሹን ይሞላ የነበረው አባል ወደ አንድ ረድፍ ወንበር ወረደ። ከዚያም አንድ አባል አረፉና ለቀብሩ ስንሰበሰብ ሰዎች እርስ በርስ ስም ሲጠያየቁ ሰማን። ሽማግሌዎቹ ይህን አይተው መዋጮው እንደገና በእጅ፣ በቡና ሰዓት ይሰብሰብ አሉ። ወጣቶቹ አጉረመረሙ፤ እኔ የሽማግሌዎቹን ወገን ያዝኩ። አሁን መዝገቡን በእስክሪብቶ እየጻፍኩ በኋላ ቤቴ ወደ ኤክሴል እገለብጠዋለሁ፤ ድርብ ሥራ ነው፤ አያስቆጨኝም።

በ2010 ዓ.ም. ሐምሌ እዚሁ ዋሽንግተን ላይ የአገር ቤቱና የስደቱ ሲኖዶሶች ሲታረቁ የተናገርነውን ታስታውሳለህ? ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው መለያየት እዚህ ቤተሰብን ጭምር ከፍሎ ነበር፤ የባለቤቴ አክስት ከእኛ በመኪና ሃያ ደቂቃ ርቀት እየኖሩ በዓሉን በሌላ ደብር ነበር የሚያከብሩት። አሁን አንድ ላይ ነን ለማለት ቢከብድም፣ ደመራ ላይ ከእኛ ጋር ይቆማሉ፤ ከዚያም ለምሳ ወደ ቤታችን ይመጣሉ።

እንግዲህ ጥያቄህን በዚህ መለስኩ መሰለኝ፤ ቤቴንና ቤተ ክርስቲያኔን የማያቸው ቀኑን ከወራት በፊት ይዤ፣ ተለዋውጬና ለምኜ ነው። አሁን ደግሞ የእኔን ጥያቄ ለመሪጌታ አድርስልኝ። ልጄ ስሌቱን ወደ ፕሮግራም ቀይራ የመጪዎቹን ዓመታት ታወጣ ነበር፤ 2025 ዓ.ም. ላይ ስትደርስ ወንበሩ ዜሮ ሆነባት። አበቅቴውም ዜሮ ነው፤ «አልቦ አበቅቴ» መባሉን ነግሬያታለሁ። መጥቅዑ ግን በእርሷ ስሌት ዜሮ ሲወጣ በመምህራኑ ሠላሳ ነው። መስከረም 30 ብላም ጥቅምት ዜሮ ብላም ብትቆጥረው ነነዌ የካቲት 7 ላይ ያርፋል፤ «ታዲያ ውጤቱ አንድ ከሆነ ለምን ሠላሳ ተባለ?» ትለኛለች። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሁልጊዜ ሠላሳ እንዲሞሉ ነው ብዬ መልሼላታለሁ፤ ግን አላረካት፤ እኔንም ያረካኝ አልመሰለኝም። መሪጌታ የሚሉትን በድምፅ ቀድተህ ላክልኝ፤ በጣታቸው ሲቆጥሩ የሚያሳይ ቪዲዮ ቢሆን ደግሞ እንዴት ደስ ይላት ነበር።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ የመሪጌታንም ጉልበት ሳምልኝ። ስትደውል በእናንተ ከምሽቱ 2 ሰዓት አድርገው፤ ለእኔ የምሳ ሰዓት ነው፤ በዚህ ሳምንት ደግሞ ተረኛ አይደለሁም።

ወንድምህ