ለልጄ፦ ሁለተኛው አልበምሽ ደረሰን

ደብረ ማርቆስ፣ ጥቅምት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ዘንድሮ ክረምቱን እንደ አምና አላስቸገራትም። ቀይዋ ላም ወልዳለች፤ ቤቱ ወተት በወተት ሆኗል።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርሽ ነበር። እሑድ ዕለት ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቴም ተቆረጠ። ደግሞም ስልክ ስይዝ ከ«ደህና ነሽ? በይ ደህና ሁኚ» አላልፍም፤ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ፍላሹን ያመጣልን ልጅ ነው።

ፍላሹ የደረሰን ማክሰኞ ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ነበር። የጎረቤት ልጅ ፍላሽ የሚያጫውት የባትሪ ሬዲዮ አዋሰን። ሻማ አብርተን፣ በሩን ዘግተን፣ አሥሩንም ዘፈን አንድ ሳንዘል ሰማን። ሲያልቅ እናትሽ «ድገመው» አለች። ደገምነው።

አምስተኛው ዘፈን ላይ እናትሽ እጇን አነሳች። ጆሮዋን ወደ ሬዲዮው አስጠጋች። ከጊታሩ ሥር አንድ ነገር ይሰማል። ሸው ጧ፣ ሸው ጧ ይላል። ከበሮ አይደለም። ጭብጨባም አይደለም። «ወንፊቴ ነው!» አለች። ትንሽ አዳመጠችና ደግሞ፣ «የጤፍ አይደለም፤ በርበሬ ስነፋ ነው። ለጤፍ እጄን እንዲህ አላጠነክርም» አለች።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አምና ለፋሲካ መጥተሽ፣ እሷ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና በርበሬ ስትነፋ፣ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠሽ ስልክሽን ወደ ወንፊቱ ዘርግተሽ ነበር። ፎቶ የምታነሻት መስሎን ነበር። ለካ ድምፁን ነው የወሰድሽው። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ጊታሩ ይተዋል፤ ወንፊቱ ብቻውን ይቀራል፤ ከዚያ እናትሽ ታስነጥሳለች። አልቆረጥሽውም። እኔም አጠገቤ ተቀምጣ ሳለች ለሬዲዮው «ይማርሽ» አልኩ። «ያኑርህ» አለችኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ዘፈኑን በሰማን ቁጥር እንዲሁ እንባባላለን።

እንዴት እንደሠራሽው እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚህ ነው ሰው ቶሎ ሲፈርድ የሚከነክነኝ። ዓይኔን ልታከም አዲስ አበባ የመጣሁ ጊዜ አንቺ ዘንድ አምስት ሌሊት አድሬያለሁ። ግድግዳው በእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለብጧል። በሩ ላይ ሁለት ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ታክሲውም ረዳቱም ዝም እስኪል ጠብቀሽ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በኋላ ነበር የምትጀምሪው። አንድ ሌሊት መብራት እልም ብሎ ጠፍቶ የሠራሽውን ይዞት ሄደ። ምንም ሳትይ ጊታርሽን አስቀምጠሽ ተኛሽ።

ሌላ ሌሊት ደግሞ አንድ ስንኝ ስትቀጂ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። እንዳላበላሽብሽ ትንፋሼን ውጬ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ዘፈንሽው። ዘጠነኛው ለእኔ የሚያስለቅስ ነበር፤ አንቺ ግን አጠፋሽው። «አባባ፣ እሱ አምሮ ነው እንጂ እውነት አይደለም» አልሽኝ። እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ቤዝ ጊታሩን ራስሽ ተጫወትሽ። ለከበሮው ብቻ በሰዓት የሚከፈልበት ስቱዲዮ ተከራየሽ። ከበሮ መቺው ልጅ ምት የሚያስጠብቀውን ክሊክ በጆሮው እየሰማ የአሥሩንም ዘፈን ከበሮ በሁለት ቀን ጨረሰልሽ። ከዚያ ድምፆቹን ማመጣጠኑ፣ ሚክሲንጉ፤ ከዚያ የመጨረሻው ማጣሪያ፣ ማስተሪንጉ። አሳታሚው «እንደ መጀመሪያው ያለ አምጪ፣ ገንዘቡ ዝግጁ ነው» ሲልሽ እምቢ ብለሽ፣ ለሁለት ዓመት ልጆች ጊታር አስተምረሽ ባጠራቀምሽው ነው ይህን ሁሉ የከፈልሽ። ኢንዲ ማለት ይህ ነው አልሽኝ፤ አሳታሚ የማይጠብቅ፣ በራሱ ወጪና በራሱ ጆሮ የሚሠራ።

ይህ ለአገራችን አዲስ አይደለም ልጄ። እኔ ሕፃን ሳለሁ ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ የተሰጠ መብት ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት ያን ተጋፍቶ በራሱ ገንዘብ ውጭ አገር አሳተመ። የመጀመሪያው ሸክላ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። ዛሬ ፈረንጁ ሁሉ እየፈለገ የሚሰማው የዚያ ዘመን ሙዚቃ አንዱ በር የተከፈተው በዚህ ዓይነት ድፍረት ነው። ሮኩም ቢሆን ብቻሽን አይደለሽም። የእኛው የሮክ ቡድን ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን ከአሜሪካዊው ፕሮዲውሰር ከቢል ላስዌል ጋር ሠርቶ አገር ካወቀው በኋላ እንኳ፣ ሁለተኛው እስኪወጣ ዓመታት ፈጅቷል። ሁለተኛ ከባድ ነው።

አሁን ወደ አስለቀሰሽ ነገር ልምጣ።

አንድ የሬዲዮ አቅራቢ «የመጀመሪያው ይሻል ነበር» እንዳለ ሰምቻለሁ። መድረክ ላይም ሰው የድሮውን ዘፈንሽን እየጮኸ እንደሚጠይቅሽ፣ አዲሱን ስትጀምሪ ስልኩን አውጥቶ እንደሚያጎነብስ ነግረሽኛል። «አባባ፣ ተሳስቼ ይሆን?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁሽም። ዛሬ ልስጥሽ።

እንደምታውቂው አስኳላ ከመግባቴ በፊት የቅኔ ተማሪ ነበርኩ። በ13 ዓመቴ ደበሎ ለብሼ፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳ አንግቤ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያልኩ ከውሻ ጋር እየታገልኩ አራት ዓመት ተምሬያለሁ። የቅኔ ቤት ሲባል ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ ነው፤ ጎንጅና ዋሸራ የእኛው የጎጃም ናቸው። የእኔ መምህር ከዋሸራ የወጡ ነበሩ።

ጀማሪ ሲባል በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ብቻ ናት። ጫካ ገብተሽ፣ ተከናንበሽ፣ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ትቆጥሪያለሽ፣ ማለት በልብሽ ታዘጋጂያለሽ፤ ማታ ለመምህሩ ታቀርቢያለሽ። አንድ ቀን የቆጠርኳት ጉባኤ ቃና መምህሩን አስደሰተች። «እሰይ!» አሉኝ፤ ተማሪው ሁሉ ሰማ። ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም። በሳምንቱ ያችኑ ምሥጢር ቃሏን ለዋውጬ ይዤ ቀረብኩ። መምህሩ እስክጨርስ ዝም አሉና፣ «የትናንት ቁራሽህን ነው ዛሬ በአኩፋዳ ይዘህልኝ የመጣህ?» አሉኝ። ፊቴ ተቃጠለ። ማንም አልሳቀብኝም፤ ያ የባሰ ነበር።

ቅኔ አይደገምም። ለአንድ በዓል የተባለ መወድስ፣ ረጅሙ ቅኔ፣ በዓመቱ ተመልሶ አይባልም። የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሊቃውንቱ ተነሥተው ቢያደንቁት፣ ያ ቀን አለፈ። በእኛ ቤት «ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይመስላል» ማለት ነውር እንጂ ምስጋና አልነበረም።

ሌላም ነገር አለ። ከጉባኤ ቃና ወደ ዘአምላኪየ፣ ወደ ሚበዝኁ፣ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲወጣ ተማሪው በየደረጃው ይንገዳገዳል። ዜማው አዲስ፣ ቤቱም አዲስ ነው። ትናንት በሁለት ቤት ያስጨበጨበው ልጅ ዛሬ በሦስተኛው ቤት ይወላገዳል። መምህር ግን «ጉባኤ ቃናህ ይሻል ነበርና ተመለስ» ብሎ አያውቅም።

የመጀመሪያው አልበምሽ ውስጥ 24 ዓመት ነበረበት። ከልጅነትሽ ጀምሮ ያጠራቀምሽው ሁሉ እዚያ አለ፤ ከጎተራ የወጣ እህል ነው። ሁለተኛውን ስትጀምሪ ጎተራው ተጠርጎ ነበር። ይህን የዘራሽው፣ ያረምሽው፣ ያጨድሽው በሁለት ዓመት ነው። እኔ እንደ ገበሬ ልጅ የማየው የዘንድሮውን ማሳ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ሁለተኛው ይበልጣል። ስለወለድኩሽ አይደለም።

ሦስተኛውን ዘፈን ውሰጂ። በአንቺሆዬ ቅኝት ነው የቃኘሽው። ማሲንቆ ላይ ጣት የሚቆምበት አጥር የለም፤ አዝማሪው ድምፁን ከፈለገው ቦታ ላይ ያነሳዋል። ጊታር ግን አንገቱ ላይ በየቦታው የብረት አጥር አለው። አንቺሆዬ ደግሞ አጥር የሚወድ ቅኝት አይደለም። አንቺ ክሩን እየጎተትሽ በሁለቱ ብረት መሃል ያለውን ድምፅ ታወጪዋለሽ። በመጀመሪያው አልበምሽ ይህን አታውቂውም ነበር። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጊታሩ ሲጮህ በሠርግ ቤት አዝማሪ አጠገቤ የቆመ መሰለኝ። እዚህ ሰፈር አንዱ ባጃጅ ነጂ ጠዋት ጠዋት የሚከፍተው ይህንኑ ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል ያለችው የጎረቤት ልጅም ፍላሹን ወስዳ ሁለት ቀን አቆየችብን። ክራር ልትማር ነው አሉ። «ሴት ልጅን ምን ጊታር አስያዛት?» ሲሉ የነበሩት ዛሬ ዝም ብለዋል። ቀድሞም አፍ ሊከፍቱ አይገባም ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይናቸው ሳያይ እዚሁ ጎጃም ጉባኤ ዘርግተው ለወንዱ ቅኔ ያስተማሩ ሴት ናቸው።

ያልወደድኩትንም ልንገርሽ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከበሮው ቃሉን ውጦታል። አራት ጊዜ ሰምቼ ሰሙ እንኳ በግማሽ ነው የገባኝ፤ ወርቁ የት እንዳለ አላገኘሁትም። ግጥም የምትጽፊ ልጅ ቃልሽን ለከበሮ አትስጪ። ሰባተኛው ረዝሟል። ከግማሹ በኋላ የምትለው ስለሌለ ጊታሩ ዝም ብሎ ይዞራል። እዚያ ላይ እናትሽ ቡና ልታፈላ ተነሣች፤ በሌላው አልተነሣችም።

አራተኛውን ለመጨረሻ ያቆየሁት አውቄ ነው።

«ሲጮህ አልፈራሁት፣ ዝም ሲል ፈራሁት፣
አባይን ከማዶ ስንቴ ተጣራሁት።»

ሰው የወንዙን ዘፈን ብሎ ይሰማዋል። ደጀን ላይ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ፣ ማዶ የሚታየው ተራራ፣ እውነት ነው፣ ሁሉም አለበት። ግን አንቺ ሁለተኛውን ጊዜ ስትደግሚው «አባይን» አላልሽም። ድምፅሽን ጥቂት ሳብ አድርገሽ «አባዬን» ነው ያልሽው። እኔ አራት ዓመት ኅብር፣ በአንድ ቃል ሁለት ትርጉም፣ ስፈልግ የኖርኩ ሰው ነኝ። አያመልጠኝም።

ሥራሽን ትተሽ ጊታር የያዝሽ ጊዜ አንድ ዓመት ሙሉ አላናገርኩሽም። እናትሽ ስትደውልልሽ ከክፍሉ እወጣ ነበር። የመጀመሪያው አልበምሽ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። ፀጉር ቤት ነው የሰማሁት። የሚያስተካክለኝ ልጅ ከፍቶት ነበር፤ የማን ልጅ እንደሆንሽ አያውቅም። ፀጉሬ አለቀ፤ ልጁ ፎጣውን አነሳ፤ እኔ ግን ከወንበሩ አልተነሣሁም። አልበሙ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ቤት ገብቼ ለእናትሽም አልነገርኳትም። ለአንቺ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሁለት ዓመት ስትጠብቂ እንደነበር አሁን ከዘፈንሽ ተረዳሁ።

አጥፍቻለሁ ልጄ። ይቅር በዪኝ።

ጥሪሽን ሰምቻለሁ። ያኔም ሰምቼ ነበር።

ልጁ ሊሄድ ቸኩሏል። እናትሽ ሁለት ኪሎ በርበሬ ልካለች፤ የቡሬ ነው፣ በዚያው ወንፊት የተነፋ። ከፌስታል ገልብጠሽ በጠርሙስ አድርጊው፤ እንዳይነፍስበት ብላለች። ቅቤውም ከሥር አለ። ለገና ትመጪ እንደሆነ ቁርጡን ለልጁ ንገሪው፤ መንገዱን አጣርተን እንልክብሻለን። ስትመጪ ጊታርሽን ይዘሽ ነይ። ያለ ሬዲዮ፣ እፊቴ ተቀምጠሽ አራተኛውን ዝፈኚልኝ።

አባትሽ