ጉዳዩ፦ ከመደብራችሁ ስለገዛሁት ባለ «ማስተር» ዲቫይደር የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለድርጅታችሁ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

እኔ አራት ኪሎ አካባቢ አነስተኛ የጽሑፍና የኅትመት አገልግሎት የምሰጥ ነጋዴ ስሆን፣ በጥር ወር ከመደብራችሁ ባለ ስድስት ሶኬት ዲቫይደር ገዝቻለሁ። ሻጫችሁ ኮምፒውተሩን «ማስተር» በተባለው ሶኬት ላይ ከሰካሁ፣ «ስሌቭ» በተባሉት ላይ ያሉት ፕሪንተርና ስካነር ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው እንደሚበሩና እንደሚጠፉ፣ ዲቫይደሩም መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣውን ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊት እንደሚከላከል ነግሮኝ ነበር። ማታ ማታ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ሶኬት መንቀል ሰልችቶኝ ስለነበር ዋጋው ቢወደድም ገዛሁት።

የምሠራበት ኮምፒውተር ግን ስክሪን ጀርባ የሚታሰረው ትንሹ ዓይነት ስለሆነ፣ ሥራ ሳይበዛበት የሚስበው ኃይል ከ10 ዋት ብዙም አይበልጥም። ዲቫይደሩ ኮምፒውተሩ መብራቱን የሚያውቀው በማስተሩ ሶኬት የሚያልፈውን ከረንት በመለካት በመሆኑ፣ ከረንቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ ጠፍቷል ብሎ የሌሎቹን ሶኬቶች ኃይል ይቆርጣል። በዚህም ምክንያት የደንበኛ ማመልከቻ እያተምኩ ሳለ ከዲቫይደሩ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማና ወረቀቱ ግማሹ ታትሞ ግማሹ ነጭ እንደሆነ ፕሪንተሩ ውስጥ ተነክሶ ይቀራል። በአንድ ቀን ብቻ እንዲህ ያሉ ሰባት ወረቀቶች ሰብስቤያለሁ፤ የሰው ስም የሌለባቸውን ሁለቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

ጉዳቱ በወረቀት አላበቃም። ፕሪንተሬ ባለ ፈሳሽ ቀለም ሲሆን፣ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ቀለም የሚረጨውን ክፍል («ሄድ» የሚባለውን) ወደ ማረፊያው መልሶ ይከድነዋል፤ ኃይሉ በድንገት ሲቆረጥ ግን ይህ ክፍል ሳይከደን ስለሚቀር ቀለሙ ይደርቃል፣ በበራ ቁጥርም ራሱን ለማጽዳት ተጨማሪ ቀለም ይጨርሳል።

ዕቃውን ይዤ ስመጣ ባለሙያችሁ «ችግሩ የኮምፒውተርዎ ነው» ብሎ መለሰኝ። ቤቴ ገብቼ በማስተሩ ሶኬት ላይ ባለ 60 ዋት አምፖል ስሰካበት ማታውን ሙሉ አንድም ጊዜ አልቆረጠም፤ ስለዚህ ይህ ክፍሉ ተበላሽቷል አልልም። የምቃወመው፣ ስንት ዋት ሲያልፍበት እንደሚሠራ በካርቶኑም ሆነ በመመሪያው ላይ አለመጻፉን፣ ሻጩም ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳለኝ ሳይጠይቅ መሸጡን ነው።

ሌላም አለ። በየካቲት መጨረሻ መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላ፣ የግፊት መከላከያው መሥራቱን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት ጠፋ፤ ሶኬቶቹ ግን ኃይል መስጠታቸውን ቀጥለዋል። ስደውል የተሰጠኝ መልስ መብራቱ «ለምልክት ያህል ነው» የሚል ነበር። ምልክትነቱን እኔም አላጣሁትም። ግፊቱን የሚውጠው ክፍል በየጊዜው በሚያርፍበት ግፊት እየደከመ ስለሚሄድ፣ ያ መብራት የሚጠፋው መከላከያው ማለቁን ለመንገር ነው፤ የእናንተን መልስ ያመነ ደንበኛ ኮምፒውተሩን ያለ መከላከያ ሲጠቀም ይኖራል።

ስለሆነም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ፣ ወይም የመቁረጫ ልኩ በትንሽ ኮምፒውተር መጠን ሊስተካከል በሚችል ዲቫይደር እንዲቀየርልኝ እጠይቃለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካልደረሰኝ፣ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት በሰጠው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት አቤቱታዬን ለሚመለከተው አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የማይነበብ ፊርማ አለው