ይድረስ ለወዳጄ፦ ስለ ሞላና ስለ ማይነስ

ውድ ወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? አቤት መጠፋፋት! ምክንያት አልደረድርልህም፤ አንተም አትደርድርልኝ፣ እኩል ነን። በቀደም እህትህን መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋትና ማታ ዩኒቨርሲቲ መግባትህን ነገረችኝ። በዚህ ዕድሜ ፊዚክስ! ወንድ ነህ። ሞላ ላይ የሚወዛወዘው ነገር እንቅልፍ እንደነሳህም አልደበቀችኝም። እንግዲህ ሐሜቱ ይቆይና ወደዚያው ልግባ።

ግማሽ ኪሎ ዕቃ ሞላ ላይ ታስሯል እንበል። የሞላው ጥንካሬ በሜትር 50 ኒውተን ነው። 50ን ለ0.5 አካፍለህ ስኩዌር ሩቱን ስታወጣ ኦሜጋ (ውዝዋዜው ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚለካው) በሴኮንድ 10 ራዲያን ይሆናል። ሰዓቱን ስታስነሳ ዕቃው ከመሃል በስተግራ፣ ማይነስ 3 ሴንቲሜትር ላይ ነው። ወደ ቀኝ በሴኮንድ 40 ሴንቲሜትር ይሄዳል።

አምፕሊቲዩዱ፣ ማለትም ዕቃው ከመሃል የሚርቅበት ትልቁ ርቀት፣ ቀላል ነው። ፍጥነቱን ለኦሜጋ ስታካፍል 4 ታገኛለህ። 3 እና 4 ካሉ ፓይታጎረስ 5 ይልሃል። አለቀ።

ጣጣው ፌዙ ላይ ነው፤ ሰዓቱ ሲነሳ ዕቃው ከውዝዋዜው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ የሚነግርህ አንግል ማለት ነው። እንቅስቃሴውን በኮሳይን ከጻፍከው (ቦታ = አምፕሊቲዩድ × ኮሳይን(ኦሜጋ × ጊዜ + ፌዝ)) የፌዙ ታንጀንት፣ ፍጥነቱ በኦሜጋና በቦታው ብዜት ተካፍሎ፣ ምልክቱ ተገልብጦ ነው። እዚህ 1.33 ይመጣል። ካልኩሌተሩም 0.93 ራዲያን ይልሃል። እስቲ መልሰህ አስገባው፦ ዕቃው ፕላስ 3 ላይ ሆኖ ወደ ግራ ይነጉዳል! ሁሉም ተገልብጦ አረፈ። ማይነስ ለማይነስ ሲካፈል ፕላስ ነው፤ ካልኩሌተሩ የሚያየው 1.33ን ብቻ ነው፣ ከየት እንደመጣ በምን ይወቅ?

እኔ ታንጀንትን ብቻውን አላምነውም። ኮሳይኑንና ሳይኑን ለየብቻ አውጣቸው። ኮሳይኑ ቦታው ለአምፕሊቲዩዱ ነው፣ ማይነስ 0.6። ሳይኑ ደግሞ ፍጥነቱ ለአምፕሊቲዩዱና ለኦሜጋ ብዜት (5 × 10 = 50፤ የሞላው 50 አይደለም) ተካፍሎ ምልክቱ ሲገለበጥ፣ ማይነስ 0.8። ሁለቱም ማይነስ ከሆኑ አንግሉ ሦስተኛው ኳድራንት (የክቡ ሦስተኛ ሩብ) ውስጥ ነው። 0.93 ላይ ፓይ ደምርበት፣ 4.07 ራዲያን። አሁን ማይነስ 3 እና ፕላስ 40 በትክክል ይመጡልሃል። (መምህርህ በሳይን የሚጽፍ ከሆነ አምፕሊቲዩዱ ያው ነው፣ ፌዙ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ጠይቀው።)

ዕቃው ልክ መሃል ላይ እያለ ሰዓቱ ከተነሳ ካልኩሌተሩ ጭራሽ ኤረር ይልሃል፤ ለዜሮ ማካፈል ነዋ። አትደንግጥ። ወደ ቀኝ የሚሄድ ከሆነ ፌዙ ማይነስ የፓይ ግማሽ ነው፤ ወደ ግራ ከሆነ ፕላስ።

ፈተናህ መቼ ነው? ካልኩሌተርህ ዲግሪ ላይ እንዳይሆን ብቻ አደራ። ስልኬ የድሮው ነው፣ ደውል፤ ሐሜቱም ተጠራቅሟል።

ያንተው