ለአባባ፦ ስለ መኪናዋ መሪ

ውድ አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ትከሻዎስ ቀለል አለልዎት? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

በስልክ ያሉኝ ነገር ከሐሳቤ አልወጣም። «ፓወር መሪ ከተገጠመላት ወዲህ ቀላለች፣ ግን አላምናትም» አሉኝ። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከታጠፉ በኋላም መሪው በራሱ አይመለስም። እኔን ከጠየቁኝ የፓወሩን ዘይት የሚገፋው ፓምፕም፣ የመሪውን ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፈው የመሪ ሳጥንም ደህና ናቸው። የፊት እግሯ ግን አሁንም የተስተካከለው ለድሮው መሪ ነው።

ዋናው ነገር ካስተር ነው። የፊት ጎማ ሲታጠፍ የሚዞርበት መስመር አናቱ ወደ ኋላ ምን ያህል እንዳዘነበለ ማለት ነው። የቢስክሌት የፊት ሹካ እንደሚያዘነብለው። ባዘነበለ መጠን ጎማው ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፤ ሲያጥፉትም ወደ መሃል ለመመለስ ይታገላል። ያንን ትግል ድሮ የሚችለው የእርስዎ ክንድ ነበር። ለዚህም ነው ፓወር በሌላቸው ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ካስተሩን ዜሮ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች ያደርጉት የነበረው። አሁን ግን ጉልበቱን የሚያወጣው ዘይቱ ነው። ስለዚህ ካስተሩ ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ፖዘቲቭ፣ ማለትም ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ይውጣ። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቀማመጥ የሚያስተካክለው ልጅ የመኪናዋን መጽሐፍ ከፍቶ የድሮውን ቁጥር ካሳየዎት፣ ያ ቁጥር ለእጅ መሪና ለዚያ ዘመን ጎማ የተጻፈ መሆኑን ይንገሩት። ካስተር ሲነካ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከፊትና ከኋላ ጠርዛቸው ያላቸው ርቀትም ይዛባል። ይህን ቶ የሚሉትን በመጨረሻ ያስተካክለው፤ ከፊት ያለው ርቀት ከኋላው በ2 ሚሊሜትር ገደማ ቢጠብብ ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሪው መሃል ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የመሪ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጥርሶች የተሠሩት ልክ መሃል ላይ ጠበቅ፣ ወደ ዳር ሲሄዱ ላላ እንዲሉ ነው። መኪናዋ ቀጥ ብላ ስትሄድ ሳጥኑ በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ መሆን አለበት። መሪው ጠመም ብሎ ሲታይ ግን አንዳንዱ መካኒክ መሪውን ነቅሎ አቃንቶ ይመልሰዋል። ለዓይን ያምራል፤ ሳጥኑ ግን በላላው ቦታ ላይ ይቀራል፣ መኪናዋም መዋዠቋን አትተውም። ትክክለኛው መንገድ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሮ ዙሩን መቁጠር፣ ግማሹ ላይ ማቆም፣ ከዚያ ጎማዎቹን በታይሮዶቹ፣ ማለትም መሪውን ከጎማዎቹ ጋር በሚያያይዙት ዘንጎች፣ ወደዚያ መሃል ማምጣት ነው። የግራውና የቀኙ ታይሮድ እኩል ይነኩ፤ አንዱ ሲያጥር ሌላው ይርዘም።

ሳጥኑ አናት ላይ ዳዶ ያሰራት አንዲት ቡሎን አለች። ማንም ካቻቢቴ ይዞ «ክፍተት አለው፣ ላጥብቀው» ካለዎት አይፍቀዱለት፣ አባባ። መጀመሪያ የታይሮድ ጫፎቹና ቦል ጆይንቶቹ (ጎማው የሚዞርባቸው ኳስ መሰል መገጣጠሚያዎች) ይፈተሹ። ቡሎኗ ከልክ በላይ ከጠበቀች መሪው መሃል ላይ ይነክሳል፣ መመለስም እንቢ ይላል፤ ጥርሶቹም ይበላሉ።

አንድ ነገር ራስዎ ማየት ይችላሉ። ፊቷን በክሪክ አስነስተው በመደገፊያ ያሳርፏት። እጅዎን ከመሪው ያርቁና ሞተሩን ሌላ ሰው ያስነሳ። መሪው በራሱ ወደ አንድ ወገን ከዞረ ዘይቱን የሚያከፋፍለው ቫልቭ መሃሉን ስቷል፤ አላይመንት አያድነውም። ዘይቱ አረፋ ከሠራ ደግሞ አየር ገብቶበታል። ሞተሩን አጥፍተው መሪውን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብለው ደጋግመው ያዙሩ፣ የጎደለውን ይሙሉ። ሞተሩ እየሠራ ግን መሪውን ዳር ላይ ይዘው አይቆዩ፤ ፓምፑ ይግላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሞተሩ እየሄዱ ቢጠፋ ወይም ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ መሪው አይቆለፍም፤ ግን ይከብዳል፣ ከድሮውም ይብሳል። የድሮው ሳጥን ከዳር እስከ ዳር ከ5 ዙር በላይ ነበር፤ አዲሱ 3.5 ገደማ ነው። ዙሩ ሲያጥር ከክንድ የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። ያ ትከሻ ደግሞ አሁን እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ቺንጋው የተሰነጠቀ ወይም የላላ እንዳይሆን ቶሎ ቶሎ ይዩልኝ። መኪና ሲያቆሙ መሪውን ሲጠመዝዙ ሞተሩ ሊጠፋ የሚል ከሆነም ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ ትንሽ ከፍ ይበል።

አላይመንቱን ሲጨርሱ የሚሰጥዎትን ወረቀት ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። የግራና የቀኝ ካስተር ልዩነት ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከሆነ ከዚያ ሳይወጡ ይደውሉልኝ፤ ከልጁ ጋር እኔ እነጋገራለሁ።

ልጅዎ