ለለቅሶ ከምትመጪ አሁን ነይ

ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ትናንት ስትደውይ እናትሽ አጠገቤ ስለነበረች ብዙም አላወራሁሽም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

እናትሽን ለህክምና ባንኮክ እንውሰዳት፣ ቤቱ ይሸጥ፣ እኔም እዚህ ጎፈንድሚ ከፍቼ በኢንተርኔት ገንዘብ አሰባስባለሁ ብለሻል። ለእሷ የምሰስተው ቤት የለኝም። ግን ሐኪሟን ለብቻው አግኝቼ "የራስህ እናት ብትሆን ትወስዳታለህ?" አልኩት። "አልወስዳትም፤ ቤቷ ሆና ህመሟን ነበር የማስታግስላት" አለኝ። ካንሰሩ ከማህፀን በር አልፎ ጉበትና አጥንት ገብቷል። ጨረሩም ኬሞውም የቻሉትን አድርገዋል። ከሳምንት በፊት አንድ የውጭ ህክምና ደላላ ደውሎ፣ ፋይሏን እንኳ ሳያይ "ይድናሉ" ሲለኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ያለው ገንዘብ የት ገባ ብለሽ ብትጠይቂኝ አይከፋኝም። ጥቁር አንበሳ ራሱ ያን ያህል አላስከፈለንም። የሚያራቁተው ዙሪያው ነው። "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ትባያለሽ። ሲቲ ስካኑ ውጭ፣ ኤምአርአዩ ውጭ። አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ስለማትችል በሄድን ቁጥር ራይድ ነው። ለዓመታት በአገሪቱ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበር ሰው ከጎንደርም ከጅማም እዚያ ይመጣ ነበር። አሁን ክልል ላይም ተጀምሯል፤ ግን ዛሬም በፌስታል ልብሱን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ አይቻለሁ። እኛ ቢያንስ ማታ ቤታችን እንገባለን።

አሁን የምትወስደው ፈሳሽ ሞርፊን ነው። በየአራት ሰዓቱ፣ መርፌው በሌለው ሲሪንጅ ለክቼ አጠጣታለሁ። እስኪያማት አንጠብቅም፤ ህመሙን መቅደም ነው። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይሰጣታል። አክስትሽ "ሱስ ይሆንባታል" ብላ ልታስቆመን ነበር። ነርሷ ቁጭ አድርጋ፣ ለህመም ተብሎ በሐኪም ልክ የሚወሰድ ሞርፊን እሷ እንደምትፈራው እንዳልሆነ አስረዳቻት። ሞርፊኑ ውድ አይደለም። ችግሩ ማግኘቱ ነው፤ ልዩ ማዘዣ ይፈልጋል፣ የሚይዘውም ፋርማሲ ጥቂት ነው። በጀመረች ማግስት ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አደረች። ጠዋት ቡና አፈላሁላት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና "አሳረርከው እኮ!" ብላ ተቆጣችኝ። ከተቆጣችኝ ስንት ጊዜዋ!

ጸበሉንም አልተወችም። የንስሐ አባቷ "መድኃኒቱንም ጸበሉንም" ስላሏት በዚያ በኩል ክርክር የለብንም።

አንቺ እዚያ ሜሪላንድ አዛውንቶቹን ስትንከባከቢ፣ ሁለት ሐኪሞች "ከስድስት ወር አያልፍም" ብለው ከፈረሙ ሆስፒሱን፣ ማለትም የማይድን በሽተኛ ህመሙ እየታገሰለት የሚያገኘውን እንክብካቤ፣ ሜዲኬር የሚሉት የመንግሥት የጤና መድን ይከፍላል ብለሽኝ ነበር። እዚህም ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ በ2003 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው። ነርሶቹ በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ሄደው ያዩታል። ግን ከተማው ሰፊ ነው፣ እነሱ ጥቂት ናቸው። የቀረው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው።

እኔን የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እድራችን ነው። ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ያ ሁሉ ብረት ድስት አለው። ሰው ሲሞት በደቂቃ ውስጥ ደርሶ ይተክላል። ሲታመም ግን የሚከፍለው ነገር የለም። ባለፈው ስብሰባ ተነስቼ "ለእኔ ሊሰጥ የታሰበው ገንዘብ ግማሹ አሁን ይሰጠኝ፣ ዳይፐር ልግዛበት" አልኩ። ሟርተኛ ያሉኝ አሉ። ሰብሳቢው ግን መዝገብ ላይ አስጽፎታል፤ በሚቀጥለው ወር ይታያል ተብሏል። የምለቃቸው እንዳይመስላቸው።

እኛም ከእድሩ አንሻልም። እናንተ ውጭ ያላችሁ ለቲኬት የምትሯሯጡት መርዶ ስትሰሙ ነው። ስለዚህ ለባንኮክ ያሰብሽውን ተዪውና ቲኬትሽን ቁረጪ። አሁን ታወራለች፣ ትስቃለች፣ ትቆጣለች። የምትነግሪያትን ትሰማለች።

"ሁኔታዋን እንዳትነግሯት" ብለሽ ነበር። ራሷ ጠይቃ ዶክተሩ ነግሯታል። ካወቀች ወዲህ እንደውም ቀለል ብሏታል። የወርቅ ሀብሏን ለማን እንደምትሰጥ እየተደራደረችኝ ነው፤ አንቺ ስላለሽበት አልነግርሽም።

ስትመጪ የመኝታ ቁስል የሚከላከለውን የአየር ፍራሽና የትልቅ ሰው ዳይፐር ያዢ። ከንፈሯ ስለሚደርቅ ቅባትም ጨምሪ። ቸኮሌት አታምጪ፣ የሚበላው የለም። ገንዘብ የምትልኪ ከሆነ በወንድምሽ አካውንት አድርጊው፤ የእኔ ኤቲኤም ካርድ ጊዜው አልፎበታል። የምትገቢበትን ቀን ለእኔ ብቻ ንገሪኝ። እናትሽ ከሰማች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራና ገና ሻንጣሽን ሳታወርጂ ቤቱ በጠያቂ ይሞላል።

አባትሽ